የጀማሪው ዱላ፤ ከቀስት ሠሪው ደጅ እስከ ቶጎጫሌ በር

ከጅጅጋ ከተማ በስተምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቶጎጫሌ የድንበር ከተማ ናት። ስሟ ከአካባቢው መልክዓ ምድር ጋር የተያያዘ ነው፤ በሶማሊኛ «ቶግ» ማለት ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ በጋ ሲሆን የሚደርቅ ወንዝ ነውና። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በሐርጌሳ በኩል ወደ ጅጅጋ፣ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚዘልቀው የንግድ መንገድ የኢትዮጵያን መሬት የሚረግጠው በዚህች ከተማ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በዚህ በር ሲያልፍ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዋጋው ይህን ያህል የሆነው ስለምንድን ነው?» የሚለው ነው።

የማንኛውም ዕቃ ዋጋ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው የአሠራሩ ድካም፣ ሁለተኛው ገዢው ያስፈልገኛል ብሎ የሚያስበው ብዛት፣ ሦስተኛው መንገዱና ቀረጡ ነው። ይህን ለማስረዳት ከብዙ ዕቃዎች መካከል የጎልፍ ዱላ መመረጡ አንዳንድ አንባቢ ሊያስገርም ይችላል። ጎልፍ በአገራችን የዲፕሎማቶችና የባለጸጎች ጨዋታ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ዱላውም ለተራ ሰው የማይደፈር ዕቃ ሆኖ ይገመታል። ነገር ግን የዱላውን ታሪክ ከሥሩ ለመረመረ ሰው ነገሩ ከዚህ የተለየ ሆኖ ይገኛል።

ቶጎጫሌንና ጎልፍን የሚያገናኝ አንድ የታሪክ ክር አለ። በግንቦት ወር 1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1897) የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለ። በእንግሊዝ ሶማሌላንድና በኢትዮጵያ መካከል ስለሚያልፈው ወሰንም ወደ ሐረር ወርዶ ከራስ መኮንን ጋር ተስማማ። ያ ውል ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደው የሲራራ መንገድ ለሁለቱም ወገን ነጋዴዎች ክፍት እንዲሆን ደንግጓል። መስመሩ በመሬት ላይ የተለካውና ምልክት የተተከለለት ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1934 በሠራው የሁለቱ መንግሥታት የወሰን ኮሚሲዮን ነው። ቶጎጫሌን የድንበር ከተማ ያደረጋት ይህ መስመር ነው። ከዚያው ውል በኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ ሰፊ መሬት ተሰጠው፤ በኋላም በዚሁ ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ተዘጋጀ። እንግዲህ አንዱ ውል በአንድ በኩል የንግድ በር፣ በሌላ በኩል ደግሞ በአጥር የተከለለ የጨዋታ ሜዳ እንዲገኝ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ከዱር የተቆረጠ ዱላ

ጎልፍ በአጥር ከመከለሉ በፊት የባላገር ጨዋታ ነበር። የተወለደበትም የስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ለእርሻ የማይመች፣ አሸዋማና ሣር የለበሰ፣ ከብትና በግ የሚሰማራበት የወል መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ምክር ቤት ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን እየተወ በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜውን ያጠፋል በማለት ሁለቱንም ጨዋታዎች በአዋጅ ከለከለ። ጨዋታው የጥቂት መኳንንት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአገር መከላከያ ያሠጋል ተብሎ አዋጅ ባላስፈለገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1552 ደግሞ የቅዱስ እንድርያስ ከተማ ሊቀ ጳጳስ በሰጠው ጽሑፍ የከተማው ሕዝብ በወል መሬቱ ላይ ጎልፍ የመጫወት መብቱ ጸና።

በዚያ ዘመን ዱላ የሚገኘው ከእንጨት ጠራቢ ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1502 ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ከፐርዝ ከተማ ቀስት ሠሪ የጎልፍ ዱላዎች ገዝቶ 14 ሽልንግ መክፈሉ በግምጃ ቤቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ንጉሡ ወደ ቀስት ሠሪ መሄዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀስትም የጎልፍ ዱላም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት እንጨት ነው፤ ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ሲለቀቅም ወደ ቦታው የሚመለስ። ይህን ጠባይ በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ ቀስት ሠሪ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ሰሞን በደጋው አገር የሚደረገውን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ጫፉ የጎበጠ እንጨት ከዱር መርጦ ይቆርጣል፣ ይልጣል፣ በእሳት ለብ አድርጎ ያቃናዋል፤ ከዚያም እሩሯን ይዞ ወደ ሜዳ ይወርዳል። የጨዋታው መሣሪያ አንዳች ገንዘብ አይጠይቅም። የጎረምሳው ዱላና የባላባቱ ዱላ ከአንድ ዱር የተቆረጡ በመሆናቸው፣ በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ መቆጣት እንደ ነውር የሚቆጠር ሆኖ ኖሯል። የስኮትላንዱ እረኛና የደጋው ልጅ አጀማመራቸው አንድ ነበር። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው፤ የገናው ዱላ በዱር እንደ ቀረ ሲኖር፣ የጎልፉ ዱላ ግን ወደ ሱቅ ገባ።

ውድነቱ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ የተወደደው ኳሱ ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የጎልፍ ኳስ የሚሠራው በተሰፋ ቆዳ ውስጥ የራሰ የወፍ ላባ ተጠቅጥቆ ነበር። አንድ ጥሩ ባለሙያ በቀን ውስጥ ከጥቂት ኳሶች በላይ ለመጨረስ ስለማይችል፣ የኳሱ ዋጋ ከአንድ ዱላ ዋጋ እስከ መብለጥ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ሙጫ የሚሠራ ኳስ ሲመጣ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። ሙጫው በሙቅ ውሃ ለስልሶ በቅርፅ ማውጫ ውስጥ ስለሚጠፈጠፍ ዋጋው ወረደ፤ የተጫዋቹም ቁጥር በዛ።

ሆኖም አዲሱ ኳስ ጠንካራ ስለነበረ ቀጫጭኖቹን የእንጨት ዱላዎች ይሰነጥቃቸው ጀመር። ስለዚህ የዱላው ራስ አጠረና ወፈረ፤ የብረት ራስ ያላቸውም ዱላዎች በረከቱ። ዘንጉም ከአሜሪካ በሚመጣ ሂኮሪ በተባለ ጠንካራ እንጨት ተተካ። ሂኮሪ ግን እንደ ማንኛውም እንጨት አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የአንዱ ዘንግ ሲለጠጥ የሌላው ይደርቃል። ተጫዋቹም እያንዳንዱን ዱላ በእጁ እያወዛወዘ፣ ለክንዱ የሚስማማውን እየመረጠ፣ ከዓመት እስከ ዓመት አንድ በአንድ ያጠራቅም ነበር። አንድ ተጫዋች በሙሉ የሚይዘው ስድስት ወይም ሰባት ዱላ ያህል ሲሆን፣ ጀማሪውም ካገኘው ከአንዱ ይጀምር ነበር።

የብረት ዘንግ ሲመጣ ይህ ሁሉ ታሪክ ሆነ። ስፌት አልባ የብረት ቱቦ መሥራት በመቻሉ አንዱ ዘንግ ከሌላው ሳይለይ በሺህ የሚቆጠር ዘንግ ከፋብሪካ መውጣት ጀመረ። የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ የቅዱስ እንድርያሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 የብረት ዘንግን ፈቀዱ። ከዚህ በኋላ ዱላዎቹ በስም መጠራታቸው ቀርቶ በቁጥር ይጠሩ ጀመር። ከቁጥር ወደ ቁጥር ርዝመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ፣ የፊታቸው ዝንባሌ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ እየተለያየ እንደ መሰላል ተደረደሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። የእያንዳንዱ ዱላ የመሥሪያ ወጪ ሲቀንስ የጀማሪው ወጪ ግን ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፋብሪካው ዱላውን በነጠላ መሸጥ ትቶ በስብስብ መሸጥ ጀመረ። በ1930ዎቹ ከ20 በላይ ዱላ የሚያስይዙ ተጫዋቾች ስለበዙ፣ የአሜሪካው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938፣ የቅዱስ እንድርያሱም በማግሥቱ ዓመት ከ14 ዱላ በላይ መያዝን ከለከሉ። ይህ ድንጋጌ የወጣው መብዛትን ለመግታት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሻጩም ገዢውም 14 ዱላ ያልያዘ ሰው ተጫዋች እንዳልሆነ አድርገው ይቆጥሩት ጀመር። 14 ጣራ እንጂ መሠረት አለመሆኑ ተረሳ። ብዙ ጀማሪ ከበሩ የተመለሰው ይህን ጣራ እንደ መነሻ ቆጥሮ ነው።

የጀማሪው መሐንዲስ

ለጀማሪው ትልቅ ውለታ የዋለው ራሱ ጀማሪ የነበረ መሐንዲስ ነው። ካርስተን ሶልሃይም እ.ኤ.አ. በ1911 በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሲሆን፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ጎልፍን የጀመረው በ42 ዓመቱ የሥራ ባልደረቦቹ ጋብዘውት ነው። ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለው ፓተር የሚባለው ዱላ ግን እምቢ አለው፤ ኳሱ ከዱላው ፊት መካከል ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሲነካ ራሱ በእጁ ውስጥ ይጠማዘዝበት ነበር። ሶልሃይም ጥፋቱን በራሱ ላይ ብቻ አልጣለም፤ መሣሪያውንም መረመረ።

መልሱ በማንኛውም የመካኒክስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው። አንድ አካል መጠማዘዝን የሚቋቋምበት ኃይል የሚወሰነው በክብደቱና ክብደቱ ከመዞሪያው ባለው ርቀት ካሬ ነው። ክብደቱ ሳይጨመር ርቀቱ ብቻ እጥፍ ቢሆን መቋቋሙ በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሶልሃይም የዱላውን ክብደት ከመካከል አንሥቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1959 በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሠራው ፓተር ኳስ ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ «ፒንግ» ተባለ። በ1967 መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለዱላ ሥራ ሰጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻም ይህንኑ ሐሳብ በብረት ዱላዎች ላይ አዋለው፤ የራሱ ጀርባ ተቦርቡሮ ክብደቱ ወደ ዙሪያው ጠርዝ ሄደ።

እንዲህ ያለውን ውስብስብ ቅርፅ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማውጣት አድካሚ ነው። መፍትሔው የተገኘው ከጥንታዊ ጥበብ ነው። ቅርፁ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በሰሙ ላይ እሳት የሚችል ጭቃ ይለበጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ባዶው ቦታ በቀለጠ ብረት ይሞላል። የአገራችን አንጥረኞች የመስቀል ቅርፆችን ሲያወጡ የኖሩበት ዘዴ ይኸው ነው። ይህ ጥበብ ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ ስሕተትን የሚችል ዱላ በብዛት መሥራት ተቻለ። ከዚያ በፊት ጥሩ ዱላ ማለት ለጥሩ ተጫዋች የተሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ገና በመማር ላይ ያለውን ሰው ታስቦ የተሠራ ዱላ ተገኘ። ሌሎች ፋብሪካዎችም ፈለጉን ስለተከተሉ፣ ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው የጀማሪ ዱላ ሳይቀር ጀርባው የተቦረቦረ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ለገዢው ሌላ ዕድል ከፈተ። በ1990ዎቹ የታይታኒየም ራስ ሲስፋፋ፣ የጨዋታው አስተዳዳሪዎች ኳሱ ከዱላው ፊት ላይ የሚነጥርበትን መጠን በ0.830፣ የራሱን ይዘት ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በ460 ሴንቲ ሜትር ኩብ ወሰኑት። ወሰን ከተበጀ በኋላ የአዲሱ ዱላ ብልጫ ጠባብ ይሆናል። ፋብሪካው ግን በየዓመቱ አዲስ ዓይነት ስለሚያወጣ ያምናው ዱላ ዋጋው ይወድቃል፤ ዋጋው ሲወድቅ ግን የመምታት ችሎታው አብሮት አይወድቅም። ያገለገለ ዱላ ለጀማሪ ተስማሚ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

ጀማሪው ምን ይግዛ?

ከላይ ከተጠቀሰው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በጥቂት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል። ለጀማሪ ሰባት ዱላ ይበቃዋል፤ ከመነሻው በርቀት የሚመታበት አንድ የእንጨት ተብዬ ዱላ፣ ከብረቶቹ 5፣ 7 እና 9 ቁጥር፣ ወደ ጉድጓዱ የሚቀርብበትና ከአሸዋ የሚያወጣበት ሁለት ዌጅ፣ በመጨረሻም ፓተር። ሰባቱም ካልተገኙ 7 ቁጥርና ፓተር ለመማር በቂ ናቸው።

ያገለገለ ዱላ ሲገዛ አስቀድሞ የሚታየው የቀኝ ወይም የግራ እጅ መሆኑ ነው። ዘንጉን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ በማየት መጉበጥ አለመጉበጡ ይታወቃል። ራሱን በአንድ እጅ፣ መያዣውን በሌላ እጅ ይዞ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የሚላወስ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ማጣበቂያው ለቅቋል ማለት ነው። የካርቦን ዘንግ ከሆነ በጣት እየዳሰሱ ስንጥቅ መፈለግ ይገባል፤ የካርቦን ዘንግ እንደ ብረት ጎብጦ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ይሰበራልና። በብረቱ ፊት ላይ ያሉት ቦዮች ጨርሰው የተላጉ ከሆነ ዱላው አርጅቷል። የደረቀና የተሰነጠቀ የጎማ መያዣ ግን ሊያሳስብ አይገባም፤ በጥቂት ወጪ የሚለወጥ ነውና። ለልጅ ተብሎ የአዋቂ ዱላ ሲቆረጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዘንግ መታጠፍ ከርዝመቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ያጠረ ዘንግ ለልጁ ክንድ ከሚገባው በላይ ይደርቃል።

በአንድ አሮጌ ዱላ የት ድረስ እንደሚደረስ የሚያሳይ ምስክር አለ። በስፔን ጠረፍ በምትገኘው ፔድሬኛ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ሴቬ ባየስቴሮስ የዱላ ተሸካሚ ሆኖ ሲያድግ፣ ከታላቅ ወንድሙ ባገኘው አንድ 3 ቁጥር ብረት በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ይለማመድ ነበር። ለእያንዳንዱ ርቀት የተለየ ዱላ ስላልነበረው አንዱን ዱላ በልዩ ልዩ መንገድ መምታትን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1979፣ በ22 ዓመቱ፣ የእንግሊዝን ኦፕን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በጠቅላላው አምስት ታላላቅ ሻምፒዮናዎችን ወሰደ። ከእርሱ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1913 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው ፍራንሲስ ዊመትም ከጎልፍ ሜዳ ፊት ለፊት በሚገኝ ቤት ያደገ የዱላ ተሸካሚ ነበር።

ወደ በሩ ስንመለስ

ቶጎጫሌ የጎልፍ ከተማ አይደለችም፤ የጎልፍ ዱላ ግን ልክ እንደ ሌላው ዕቃ በወደብና በመንገድ የሚመጣ ነው። ከተማዋ በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) የድንበር ግጭት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሸሽቶ በመጣው ስደተኛ ብዙ መከራ ያየ አካባቢ ናት። በበርበራ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ሥራ ሲጀምር ከወደቡ እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ ተስፋ ታደሰ። የመንገዱ መሻሻል ዋጋን ይቀንሳል። ቀረጥን በመሸሽ የሚገኘው ርካሽነት ግን አያዛልቅም፤ ዛሬ የቀነሰውን ነገ በውርስ ይወስደዋል፤ በሕግ የገባውን ነጋዴም ከገበያ ያስወጣል።

እንግዲህ ከሦስቱ የዋጋ ምሰሶዎች የአሠራሩን ድካም መሐንዲሶች አቅልለውታል፤ የብዛቱን ነገር ጀማሪው ራሱ 14 ጣራ እንጂ መሠረት አለመሆኑን በማወቅ ሊያቃልለው ይችላል፤ የመንገዱና የቀረጡ ጉዳይ የመንግሥትና የነጋዴ ሥራ ነው። ከዱላው ሌላ የሚቀረው ሜዳው ነው። ሜዳም ቢሆን የግድ ውሃ የጠገበ ለምለም ሣር መሆን የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ሜዳዎች በግ ያጋጣቸው የግጦሽ መሬቶች ነበሩ፤ በአረብ ባሕረ ሰላጤና በአውስትራሊያ ደረቅ ምድርም በጉድጓዱ ዙሪያ በሣር ፋንታ በዘይት የታሸ አሸዋ እየተጠቀጠቀ ሲሠራበት ቆይቷል። የጅጅጋን ሜዳ ያየ መሐንዲስ ይህን ሲሰማ አያስቸግረውም።

ይህ ጉዳይ ከጎልፍም ያለፈ ነው። ለስፌት ተማሪ የመጀመሪያው መኪና፣ ለቀያሽ ተማሪ የመጀመሪያው መለኪያ፣ ለሙዚቀኛ የመጀመሪያው መሣሪያ እንደዚሁ ነው። ችሎታ ከመፈተኑ በፊት ኪስ የሚፈተን ከሆነ፣ ሊገኝ ይችል የነበረ ባለሙያ ከበሩ ይመለሳል፤ መመለሱንም የሚያውቅ የለም። የገናው ልጅ ዱላውን ከዱር ቆርጦ ወደ ሜዳ ሲወርድ ማንም የሙሉ ስብስብ ባለቤት መሆኑን አይጠይቀውም። በጎልፍ ሜዳም ላይ ጀማሪውን በአንድ አሮጌ 7 ቁጥር ብረት መቀበል የሚችል ልማድ ከተፈጠረ፣ ዱላው ወደ ተነሣበት ወደ ባላገሩ እጅ ተመለሰ ማለት ነው።